ዝናብ የሚነዳው ቦይ

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በካናል ዱ ሚዲ ላይ፣ ከጀልባ ወርደን የዋልንበት አንድ የዝናብ ቀን

ዝናቡ የያዘን ካስቴልኖዳሪ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የጀልባችንን ጣራ ሲደበድብ አድሮ ሲነጋም አላባራም። 7 ሄክታር የሚሰፋው የከተማዋ ታላቅ የውሃ ገንዳ ከሰማዩ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። ከማዶ ኮረብታው ላይ የተደረደሩት ቤቶችና የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ረጅም የደወል ማማ በጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። የኪራይ ጀልባዎቹ ሁሉ ዳር ዳሩን ታስረዋል፤ የሚንቀሳቀስ አንድም የለም።

ሎራጌ በሚባለው በዚህ አካባቢ ሰው ሁለት ነፋሶችን በስማቸው ያውቃቸዋል። አንዱ ከምዕራብ በኩል የሚመጣው ሴርስ ነው፤ ሌላው ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኦታን። በገንዳው ላይ ያለችው ዛፍ የለበሰች ትንሽ ደሴት በሰው እጅ የተሠራችው የነፋሱን ጉልበት ሰብራ ለጀልባዎቹ መጠለያ እንድትሆን ነው። የዚያን ቀን ግን ደሴቷም አልቻለችውም። ዝናቡ በአግድም ይመጣ ነበር።

በዚህ ቦይ ላይ ጀልባ ለመከራየት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። አከራዩ አጭር ሥልጠና ይሰጣል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በደረቅ ቀን ማንም የሚችለው ሥራ ነው። በዝናብ ቀን ግን ገመዱ ከእጅ ያመልጣል፣ የድንጋዩ ጠርዝ ያንሸራትታል፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነው ጀልባም ነፋሱ ወደ ገፋው ይሄዳል። ከገንዳው በስተምሥራቅ ደግሞ የሚጠብቀን ሳን ሮክ ነበር፤ በተከታታይ አራት ክፍሎች ጀልባን ከ9 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚያወርድ የውሃ መዝጊያ። ስለዚህ ለመዋል ወሰንን።

አብሮኝ የነበረው የወንድሜ ልጅ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «አክስቴ፣ እንግዲህ ዛሬ ቀኑ ባከነ ማለት ነው?» አለኝ።

«አልባከነም። ይልቅ የምንሄድበት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ሄደን እንይ፤ ካፖርትህን ልበስ» አልኩት። ጥያቄው እንዲህ ካለ ቦታ የሚጠየቅ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ካናል ዱ ሚዲ የሚኖረው ዝናብ ባክኖ ባለመቅረቱ ነውና።

ውሃ ወደ ላይ አይሄድም

ቦዩ ከቱሉዝ ተነሥቶ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር እስካለው የቶ ሐይቅ ድረስ 240 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በቱሉዝ በኩል ጋሮን የተባለው ወንዝ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይወስዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ፈረንሳይን አቋርጦ መሻገር ይቻላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የንግድ መርከቦች ስፔንን ዞረው፣ በጂብራልታር አልፈው፣ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ነበረባቸው፤ በመንገዱም ላይ ማዕበልም የባሕር ወንበዴም ይጠብቃቸዋል።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ነገሥታት ቀደም ብለው ተመኝተውታል፣ አዋቂዎችም መክረውበታል። ሁሉንም ያቆማቸው አንድ ጥያቄ ነው። በሁለቱ ባሕሮች መካከል መሬቱ ከፍ ይላል፤ ቦዩ የሚያልፍበት ዝቅተኛው መተላለፊያ እንኳ፣ ኖሩዝ የሚባለው ቦታ፣ ከባሕር ወለል በላይ 189 ሜትር ነው። እዚያ ላይ ቦይ መቆፈር ይቻላል። ቦዩን የሚሞላው ውሃ ግን ከየት ይምጣ?

ጥያቄው ክብደት የሚያገኘው የውሃ መዝጊያ እንዴት እንደሚሠራ ሲታወቅ ነው። የውሃ መዝጊያ በሁለቱም ጫፍ ከባድ በሮች ያሉት፣ በድንጋይ የታነጸ ክፍል ነው። ጀልባው ይገባል፤ በሩ ከኋላው ይዘጋል። ከላይ ውሃ ሲለቀቅበት ይነሣል፣ ውሃው ወደ ታች ሲለቀቅ ይወርዳል። ጀልባውን የሚያነሣ ሞተር የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ውሃው ራሱ ነው። ዋጋውም ውሃ ነው። አንድ ጀልባ በወጣ ወይም በወረደ ቁጥር አንድ ክፍል ሙሉ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከዚያ ውስጥ በራሱ ተመልሶ የሚወጣ ጠብታ የለም። ከፍተኛውን ቦታ የሚሻገር እያንዳንዱ ጀልባ ታዲያ ሽቅብ ሲመጣ በቱሉዝ በኩል፣ ቁልቁል ሲሄድ በባሕሩ በኩል ውሃ ያፈስሳል። በበጋ፣ ምንጮች ሲመነምኑ፣ ያንን ያህል ውሃ እየተካ የሚቀጥል ነገር ከሌለ ቦዩ በጥቂት ጊዜ ይደርቃል።

መልሱን ያገኘው መሐንዲስ አልነበረም። ፒየር ፖል ሪኬ የቤዚዬ ሰው፣ የንጉሡ የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር። ሥራው ከመንደር መንደር ሲያዞረው አገሩን አጥንቶታል። ኖሩዝ ራሱ ውሃ እንደሌለው ያውቃል፤ ግን ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ጥቁር ተራራ የሚባለው ሰንሰለት አለ። ከአትላንቲክም ከሜዲትራኒያንም የሚመጣው ደመና እዚያ ተራራ ላይ ይወርዳል፤ ሜዳው ደርቆ ተራራው እርጥብ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሪኬ እ.ኤ.አ. በ1662 ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ለኮልቤር ደብዳቤ ጻፈ። የተራራውን ጅረቶች አንድ በአንድ በመጋቢ ቦይ ይዞ ወደ ኖሩዝ ማምጣት እንደሚቻል አስረዳ። ማመን ያልቻሉትን ለማሳመን በ1665 ጠባብ የሙከራ ቦይ አስቆፈረ፤ ውሃው በገዛ ክብደቱ እየወረደ ኖሩዝ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በጥቅምት 1666፣ ንጉሡ ሥራውን የሚፈቅደውን አዋጅ አወጣ።

የዝናብ ጎተራ

ታክሲ ይዘን ወደ ሳን ፌሬዮል ግድብ ስንወጣ ዝናቡ ይበልጥ ጠነከረ። ሜዳው ላይ ያለው የእርሻ መሬት ቀረና ጫካ ጀመረ። በመንገዱ ዳር ያሉት ጅረቶች ሁሉ ቡናማ ሆነው ይወርዳሉ። ሹፌሩ በእንዲህ ያለ ቀን ወደ ግድቡ የሚወጣ ጎብኚ እንደማያጋጥመው ነገረን። ለእኔ ግን ግድቡን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቀን አልነበረም።

የሳን ፌሬዮል ግድብ መሠረቱ የተጣለው በ1667 ነው። ሎዶ የተባለች ትንሽ ጅረት የምታልፍበትን ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር ይዘጋል። 780 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ቁመቱም ከ30 ሜትር ይበልጣል። ሦስት የድንጋይ ግንቦች ጎን ለጎን ቆመው በመካከላቸው አፈርና ድንጋይ ተጠቅጥቆባቸዋል። ከ6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል። በዘመኑ በአውሮፓ ከነበሩት ግድቦች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ ያንን አፈር በቅርጫትና በአካፋ ያጓጓዘው ደግሞ የሰው ትከሻ ነው።

በግድቡ አናት ላይ ቆመን ስናይ የሐይቁ ፊት በዝናብ ጠብታ ይፈላ ነበር። በአንድ በኩል ሰማዩ ይሰጣል፤ በሌላ በኩል፣ ከእግራችን በታች፣ በግንቡ ሆድ ውስጥ ባለው ዋሻ፣ ውሃ በልክ የሚለቀቅባቸው መክፈቻዎች አሉ። ሳን ፌሬዮል የዝናብ ጎተራ ነው። በጥጋብ ወራት የገባው በችጋር ወራት በመስፈሪያ ይወጣል። ከግድቡ በታች ባለው መናፈሻ 20 ሜትር ገደማ ወደ ላይ የሚተኮስ የውሃ ፏፏቴ አለ፤ የሚተኩሰው ፓምፕ ሳይሆን ከላይ የተከማቸው ውሃ ግፊት ብቻ ነው። በዝናብ ውስጥ ቆሞ ዝናብ ወደ ሰማይ ሲመለስ ማየት ለወንድሜ ልጅ የቀኑ ትልቁ ነገር ሆነለት።

ከጀልባ ወርደን ወደዚህ የመጣን የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች እኛ አይደለንም። በኋላ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጀፈርሰን በ1787፣ በፈረንሳይ የአገሩ ተወካይ ሳለ፣ በዚህ ቦይ ላይ ተጉዟል። ሠረገላውን መንኰራኵሩን አስወልቆ ጀልባ ላይ ጭኖ፣ ሲሻው በሠረገላው ውስጥ ተቀምጦ፣ ሲሻው በቦዩ ዳር በእግሩ እየሄደ። ከካስቴልኖዳሪም ጉዞውን አቋርጦ ሳን ፌሬዮልንና ከዚያ በላይ ያሉትን የውሃ ሥራዎች ለማየት ወደ ተራራው ወጥቷል። አገሩ ቦይ ልትቆፍር ታስብ ነበርና መማር ያለበትን ነገር ያውቀው ነበር። የቦይ ምስጢር ያለው ጀልባው ከሚሄድበት ቦታ ራቅ ብሎ፣ ውሃው በሚሰበሰብበት ተራራ ላይ ነው።

ያም ሆኖ ዝናብ መጋቢ ብቻ ሳይሆን አፍራሽም ነው። ሪኬ ብዙዎቹን የሜዳ ጅረቶች በቀጥታ በቦዩ ውስጥ አሳልፏቸው ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ታዲያ ደለልና ድንጋይ እየጫኑ ቦዩን ይደፍኑት፣ ዳሩንም ይቦረቡሩት ጀመር። በ1676 ቦዩን በሬፑድር ጅረት ላይ በድልድይ በማሻገር መንገዱን አሳይቷል፤ ሥራውን በሰፊው የጨረሱት ግን ከእሱ ሞት በኋላ የመጡ ናቸው። ታዋቂው የምሽግ መሐንዲስ ቮባን በ1686 ቦዩን ሲመረምር ዋነኛው ጥያቄው ትርፍ ውሃ በየት ይለፍ የሚል ነበር። በእሱ ምክር ጅረቶች ከቦዩ ሥር የሚያልፉባቸው በርካታ መተላለፊያዎች ተሠሩ፤ የቦዩ ዳርም ከልክ ያለፈ ውሃ የሚያፈስሱ ማስተንፈሻዎች ተበጁለት። የተራራውንም መጋቢ ቦይ ካማዝ ላይ ከ120 ሜትር በላይ በሆነ ዋሻ አሳልፎ ወደ ሳን ፌሬዮል እንዲገባ ያደረገው እሱ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ላምፒ የተባለው ሁለተኛ ግድብ ከላይ ተጨመረ። ሦስት ትውልድ ሙሉ አንድ ሥራ ላይ ነበር፤ ዝናብ ሲበዛ ማሳለፍ፣ ሲያንስ ማቆየት።

ሁለት ባሕር የሚከፍል ቦታ

ከሳን ፌሬዮል ወደ ኖሩዝ የሚወርደው መጋቢ ቦይ ከጎኑ የእግር መንገድ አለው። ቦዩ ጠባብ ነው፤ ጎበዝ ዘላይ የሚሻገረው ይመስላል። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ቁልቁለቱ በዓይን እንዳይታይ ሆኖ የኮረብታውን ወገብ እየተከተለ ይጠማዘዛል። ይህን ያህል ረቂቅ ዝንባሌ ያለ ዘመናዊ መለኪያ እንዴት ሊጠበቅ ቻለ? የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ቻንድራ ሙከርጂ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው መጽሐፍ የምትሰጠው መልስ ልብ ይነካል። በሥራው ላይ ከነበሩት መካከል ከፒሬኔ ተራሮች የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ በመንደራቸው ውሃን በተራራ ወገብ ላይ እየመሩ ወደ ቤትና ወደ እርሻ ማድረስ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሙያ ነበር። በንጉሡ መዝገብ ስማቸው ከመሐንዲሶች ጋር አልተጻፈም። ዕውቀታቸው ግን በቦዩ ጥምዝ ሁሉ ላይ አለ።

ኖሩዝ ስንደርስ ዝናቡ ወደ ካፊያ ወርዶ ነበር። ቦታው ጸጥ ያለ ነው። የሪኬ ዘሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሙለት ሐውልት ከዝግባዎች መካከል ይታያል። ሪኬ እዚህ ስምንት ማዕዘን ያለው ሰፊ የውሃ ገንዳ ሠርቶ ነበር፤ በዙሪያውም ከተማ ሊቆረቁር አስቦ። ከመጋቢው ጋር የመጣው ደለል ገንዳውን ሞላውና ተተወ፤ ዛሬ ዛፍ በቅሎበታል። ውሃው ጎኑን ዞሮ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ይከፈላል። አንዱ በቱሉዝ በኩል ወደ አትላንቲክ፣ ሌላው ወደ ሜዲትራኒያን። ሪኬ ሐሳቡን ያገኘው እዚሁ፣ አንዲት ምንጭ በሁለት አቅጣጫ ስትፈስ አይቶ እንደሆነ ይተረካል። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ ጠዋት ጀልባችንን ያሰረውን ዝናብ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሁለት ባሕር ሲመርጥ ቆመን አየነው።

ከኖሩዝ የሚወጣው ረጅም የፕላታን ዛፍ ጎዳና የቦዩን ሌላ ጭንቀት ያስታውሳል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቦዩ ዳር የተተከሉት ፕላታኖች 42,000 ያህል ደርሰው ነበር። ሥራቸው ዳሩን ይይዛል፤ ጥላቸው ውሃው በበጋ እንዳይተን ይከላከላል። በ2006 በዚህ ቦይ ላይ የታየው የፈንገስ በሽታ ግን መድኃኒት የለውም፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሄደውም በውሃው ጭምር ነው። ብዙዎቹ ተቆርጠው ተቃጥለዋል፤ በምትካቸው ሌሎች የዛፍ ዝርያዎች እየተተከሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ቦይ ለዘመናት ጥላ በነበረበት ረጅም ርቀት ዛሬ ለፀሐይ ተጋልጧል። ዝናቡ በቀነሰበት ዓመት የአንድ ዛፍ ጥላ ስንት ውሃ እንደሚያተርፍ የሚያውቁት ቦዩን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው።

የእራት ከተማ

ማታ ካስቴልኖዳሪ ተመለስን። ከተማዋ ለመንገደኛ እራትና መኝታ መስጠት የለመደችው ከጥንት ነው። ቦዩ ከተከፈተ በኋላ ከቱሉዝ ወደ አግድ የሚሄደው በፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ጀልባ አራት ቀን ይፈጅ ነበር፤ የመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያ ካስቴልኖዳሪ ነበረች። ተከታታይ መዝጊያዎች ባሉበት መንገደኛው ወርዶ በእግሩ ይሄድና ከወዲያኛው ጫፍ የሚጠብቀው ሌላ ጀልባ ላይ ይሳፈራል። ጊዜም ይቆጠባል፣ ውሃም ይቆጠባል። በ1857 የባቡር ሐዲዱ እስኪደርስ ድረስ የደቡቡ ሕዝብ፣ ደብዳቤና ስንዴ የሚጓዘው እንዲህ ነበር።

የከተማዋ ምግብ ካሱሌ ነው። ነጭ ቦሎቄ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ ከአሳማ ሥጋ፣ ከቋሊማና በገዛ ስቡ ከተቀቀለ ዳክዬ ጋር ካሶል በሚባል አፈ ሰፊ የሸክላ ዕቃ ምድጃ ገብቶ ለሰዓታት ይበስላል። ላዩ ቅርፊት ባበጀ ቁጥር ይሰበርና ወደ ውስጥ ይከተታል። የከተማዋ ሰዎች ምግቡ የተፈጠረው በመቶው ዓመት ጦርነት፣ ከተማዋ በእንግሊዞች በተከበበች ጊዜ ነው ይላሉ። ቦሎቄ ከአሜሪካ የመጣው ግን ከኮሎምበስ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ተበልቶ ከሆነ የተበላው በባቄላ የተሠራው ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ዝናብ ለተመታ ሰው እንዲህ ያለ ምግብ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የዝናብ ቀን ደመወዝ

በሳን ፌሬዮል ግድብ አጠገብ ለቦዩ የውሃ ሥራዎች የቆመ ሙዚየም አለ። ስለ ግድቡም ስለ ቮባንም ብዙ ይነግራል። እኔን ግን ከዚህ ቦይ ታሪክ ሁሉ አጥብቆ የያዘኝ ከድንጋዩ ይልቅ ስለ ሠራተኞቹ የሚነገረው ነው።

ሪኬ ሠራተኞችን ሲቀጥር በዘመኑ ያልተለመደ ውል አቀረበ። ክፍያው በወር የሚታሰብ ነበር። እሑድና በዓል ይከፈላል። የታመመ ይከፈለዋል። ዝናብ ሥራ ያስፈታበት ቀንም ይከፈላል። ሥራው በገነነበት ጊዜ 12,000 ያህል ወንዶችና ሴቶች ይሠሩ ነበር።

ይህን ያደረገው በደግነት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። አዝመራ ሲደርስ ገበሬው ወደ ማሳው ይሄዳል፤ ሪኬ የሰለጠነ እጁን እንዳያጣ የተሻለ መስጠት ነበረበት። የአካባቢው ባለርስቶችም ሠራተኛ ወሰደብን ብለው አማረዋል። ገንዘቡም ንጹሕ አልነበረም። ሪኬ የሚሰበስበው የጨው ግብር ድሃውን የሚያስለቅስ ነበር፤ በሩሲዮን ግዛት ያ ግብር በተጣለበት ጊዜ ሕዝቡ ለዓመታት በዐመፅ ተነሥቷል። ሪኬ የራሱንም ሀብት በቦዩ ላይ አፍስሶ በ1680፣ ቦዩ ሊመረቅ ወራት ሲቀሩት፣ ዕዳ ተሸክሞ ሞተ። ልጆቹ ዕዳውን ከፍለው የጨረሱት ከ40 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ይህ ሁሉ እያለም ውሉ ውል ነው። የቀን ሠራተኛ ኑሮን የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይረዳዋል። ለቀን ሠራተኛ ዝናብ ማለት ባዶ ኪስ ማለት ነው። ደመናውን አይቶ የሚጨነቀው ለልብሱ አይደለም፤ ማታ ይዞት ለሚገባው ዳቦ ነው። ሪኬ ግን የዝናቡን ቀን ከሠራተኛው ትከሻ አንሥቶ በሥራው ሒሳብ ውስጥ ጻፈው።

እንዲያ ማድረጉ ደግሞ ትክክል ነበር እላለሁ። ይህ ቦይ ያለ ዝናብ አንድ ጀልባ ማንሳፈፍ አይችልም። በጥቁር ተራራ ላይ ያልዘነበ ቀን ሁሉ ከሳን ፌሬዮል የሚቀነስ ቀን ነው። ዝናቡ ለሥራው ሀብት ከሆነ፣ ያው ዝናብ መሬቱን አጭቅይቶ አካፋ ያስጣለው ሠራተኛ የሀብቱን ኪሳራ ለብቻው ሊሸከም አይገባም። ግድብም ቦይም መንገድም ስንሠራ ዛሬም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ የዝናቡን ቀን የሚከፍለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከሁሉ ያነሰው ሰው ነው። ከ350 ዓመት በፊት አንድ የጨው ግብር ሰብሳቢ ሌላ መልስ ሰጥቶ ነበር። መልሱን የሰጠበት ሥራም በዚህ አልፈረሰም፤ እስከ ዛሬ ውሃ ይዞ ቆሟል፤ ሰውም ይጓዝበታል።